ቦታውን የቀየረው ቀይ ሰረዝ

ጅጅጋ፣ ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሰናይት የደም ምርመራ ውጤቷን የሰውን ዘረመል በሚያሳይ ድረ ገጽ ላይ ጭና አየችው። እናቴን ያሳወረው፣ እኔንም እየጋረደኝ ያለው የዓይን በሽታ እሷ ጋ የለም አለችኝ፤ በዘረመሏ ላይ የተገኘውን ለውጥ የሚያሳየው ቀይ ሰረዝ ከበሽታው ቦታ ርቆ ነበር የወደቀው። "ከእኔ የወረስሽው ይህን አፍንጫ ብቻ ነው፤ እሱም ለባልሽ ይበቃዋል" ብዬ ሳቅሁባት። ለጎረቤቴ ለአብዲም ጉራዬን ነዛሁለት። "ማሻአላህ" ብሎ የግመል ወተት ሻይ ጋበዘኝ። አሁን ምን ልበለው?

ዛሬ ከዩኒቨርሲቲ መጥታ "አባባ፣ ተሳስቻለሁ" አለች። ድረ ገጹ የድሮና አዲስ የዘረመል ካርታ አለው፣ የቦታ ቁጥራቸውም ይለያያል፤ የውጤቷ ፋይል የተሠራው በአዲሱ ካርታ ነው፤ እሷ የከፈተችው ግን የድሮውን ኖሯል። አዲሱን ስትከፍት ሰረዙ ተነስቶ የበሽታው ቦታ ላይ ቁጭ አለ።

"ታዲያ የድሮውን መልሺው እንጂ! እኛስ የድሮ ሰዎች አይደለን?" አልኳት።

"ካርታውማ ይመለሳል፣ አባባ። ዓይኔ ግን..." ብላ ኮምፒውተሯን ወደ እኔ አዞረች።

ቀልዴ እንደ ኮሶ መረረኝ። ሰባ ዓመት ስቀልድ ኖሬ፣ ለዚህች ልጅ የሚሆን አንድ አላገኘሁም።

ጣቴን ይዛ ስክሪኑ ላይ አስቀመጠችው። "ይኸውልህ፣ ቀዩ ሰረዝ።"

"አየሁት" አልኳት።

አላየሁትም። ለእኔ ስክሪኑ ሁሉ ጭጋግ ነው። እሷ ግን፣ ለጊዜው፣ ከነቀለሙ ታየዋለች።