ኮሪደር ላይ የተሰቀለው ካርታ

ከፍር ሺሃብ፣ ሐሙስ ኅዳር 3 ቀን

ለውዱ ባለቤቴ ለአቡ ዘይዳን፣

የኩዌት ሙቀት ቀነሰልህ ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትህን ጉልበታቸው ብቻ ነው የሚያስቸግራቸው። ዘይዳን አንድ ጥርስ ነቅሏል። እኔ ግን ፈርቻለሁ።

ለስድስተኛ ክፍል ስለ ሕዝብ ብዛትና ስለ መሬት እያስተማርኩ ነው። መጽሐፉን ብቻ እንዳይሸመድዱ ብዬ፣ "አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ ድሮ እርሻ ሆኖ ዛሬ ቤት የተሠራበትን ቦታ፣ መቼ እንደተሠራና ስንት ሰው እንደሚኖርበት ጻፉልኝ" አልኳቸው። ብልጥ መሆኔ ነበር። የጎረቤታችን ልጅ ሩቃያ የሁሉንም ሰብስባ በእርሳስ አንድ ትልቅ ካርታ ሳለች። ልጅ መቼም አይደብቅም። "በአረፋ በዓል፣ ሹማምንቱ እረፍት ላይ ሳሉ የተሠራ" ብላ ሳይቀር ጽፋለች። የእኛም ቤት አለበት።

ርእሰ መምህሩ በኩራት ኮሪደር ላይ ሰቀሉት፤ ለእርሻ ጽሕፈት ቤቱም ነገሩ። እሁድ የጽሕፈት ቤቱ መሐንዲስ ሊያየው ይመጣል። በእርሻ መሬት ላይ ያለ ፈቃድ የተሠራ ቤት የሚያስፈርሰው እሱ ነው። ካርታው ቢጠፋ ደግሞ የምጠየቀው እኔ ነኝ።

እናትህ ሲሰሙ፣ "አንቺ ልጅ፣ ልጄ አሥራ አንድ ዓመት በበረሃ የተቃጠለበትን ቤት ለዶዘር ሰጠሽው? አፍሽን ብትይዢ ምን ነበረበት?" አሉኝ።

ትናንት ልጆቹ ሲወጡ ሩቃያን ካርታው ፊት አስቀረኋት።

"ይሄ ጋ ተሳስተሻል። እዚህ ቤት የለም" አልኳት።

"ሚስ፣ የእናንተ እኮ ነው። በአረፋ ሲሠራ በመስኮት አይቻለሁ። ብሎኬቱን ያቀበላቸው አባቴ ነው።"

"ተሳስተሻል አልኩሽ።"

ፊቷ ቀላ። ላጲሷን አውጥታ ቤታችንን አጠፋች፤ በቦታውም አረንጓዴ የመኖ ማሳ ሳለች። "ይቅርታ፣ ሚስ። ማርክ ይቀነስብኛል?" አለችኝ። እንደማይቀነስባት ነገርኳት። ከጎኑ ያለውን የእነሱን ቤት አልነካችውም፤ ዘጠኝ ሰው፣ በአረፋ የተሠራ ይላል። አይቼው ዝም አልኩ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የማስተማር ሥራዬ ልክ የሆነን መልስ ስህተት ነው ስል የመጀመሪያዬ ነው።

አላህ ከክፉ ይጠብቅህ፤ ላብህን በከንቱ አያስቀርብህ። ለኛም ዱዓ አድርግልን። ለሩቃያ አባት ሰላምታ አድርሺልኝ ብለህ ነበር። አላደረስኩለትም።

ባለቤትህ ኢንሻራህ