ከጠበሉ የተቀጠለው ጎማ

መሐል ሜዳ፣ ጥቅምት ፳፱ ቀን ፳፻፪ ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት አደረገዎት? ብርዱ ገና በጥቅምት እንዲህ ከሆነ ታኅሣሥን እንዴት ሊወጡት ነው? እኔ ከነልጄ ደህና ነኝ፤ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባው። ናፈቁኝ ብዬ እንዳልጽፍ ደግሞ ያሳፍረኛል፤ እሑድ እሑድ ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ አይዎታለሁና። ባለፈው እሑድ በቀኝ እግርዎ ሲያነክሱ አይቻለሁ፤ እባክዎ ይታጠኑበት፣ ቸል አይበሉት።

ከእርስዎ ደጅ እስከ እኔ ደጅ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ለዚህች መንገድ ደብዳቤ መጻፌን ሰው ቢሰማ ይስቅብኛል። ግን ምን ላድርግ? ደጄን እንዳትረግጪ ካሉኝ ሦስት ዓመት አለፈ። እኔም የእርስዎ ልጅ ነኝና እልኸኛ ነኝ፤ አልረገጥሁም። ይህን የምታደርስልዎት አክስቴ የትምወርቅ ናት። ሳይጨርሱት እንዳያጥፉት አደራ።

የጻፍሁት ለእርቅ ብቻ አይደለም። አጥፍቻለሁ፤ ያጠፋሁትም በእርስዎ ጠበል ላይ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎት። ባሌ ጥሎኝ ሲሄድ ጠላ ቤት ብከፍት፣ የካህን ልጅ ጠላ ቀጂ ሆነች ብለው ተቆጡ። እኔም ተቀይሜዎታለሁ፤ ምን እደብቅዎታለሁ። በየማኅበሩ ባርከው የሚጠጡትን ጠላ ማን ጠመቀው? ሴት አይደለችም? የሌላዋ ሲሆን በረከት፣ የእኔ ሲሆን ነውር? ይህን ስል ኖሬአለሁ። በአንድ ነገር ግን ልክ ነበሩ፤ ሰካራም እያስተናገዱ ልጅ ማሳደግ አይሆንም። ስለዚህ አምና ጠላ ቤቱን ዘጋሁና ከባልንጀሮቼ ከአማከለችና ከብርነሽ ጋር በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጀን። አሁን የምንጠምቀው ለሠርግ፣ ለማኅበርና ለተዝካር ነው። በጀሪካን ጭነው ይወስዱታል፤ እኛ ቤት ቁጭ ብሎ የሚጠጣ የለም። ይህን ማንም እንዳልነገረዎት አውቃለሁ።

ዕቃችንን ቢያዩት ይገረሙ ነበር። ከደብረ ብርሃን በዕውቀቱ የሚባል የቧንቧ ሠራተኛ አስመጣን። የውሃ ታንከሩን ከፍ ካለ የእንጨት ማማ ላይ ሰቀለው፤ ከሱ በታች ሦስት በርሜሎች እንደ ደረጃ ዝቅ ዝቅ እያሉ ተቀመጡ። ከላይኛው ጌሾና ብቅሉ ይጠነሰሳል፤ መካከለኛው ድፍድፉን ይይዛል፤ የታችኛው ጨርቅ ገብቶለት ያጣራል። መክፈቻውን ሲያዞሩት በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ መብራት ጠፋ አልጠፋ ግድ የለንም። መጀመሪያማ ጉድ ፈልቶብን ነበር። በዕውቀቱ ቀጭን ቧንቧ አስገብቶ ድፍድፉ ድፍን አደረገው። ውሃ መስሎት ነው፤ ጠላ ሲጠመቅ አይቶ አያውቅም። ፈትቶ በወፍራም እስኪቀይረው ድረስ ብርነሽ ስታበሽቀው ዋለች። አማከለች ደግሞ ያልታጠነ ዕቃ ውስጥ የገባ ጠላ አይባልም ብላ አሻፈረኝ አለች። ፕላስቲክ በወይራ እሳት ይቀልጣል ብንላት ማን ሰምቶን! በመጨረሻ ተጣርቶ የሚገባበትን ጋን አጥና ልቧ ረጋ።

የቸገረን ውሃው ነበር። እኛ ሰፈር በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው የሚመጣው። ቀበሌው ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ፣ ከምንጩ ራስ በጎማ ቀጥለን እንድንወስድ ፈቀደልን። ቦታውን ከኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፤ ያሉት ሁለት ቧንቧዎች ናቸው። አንዱ የጠበሉ ነው፤ ሁለተኛው ወደ ላይ ሰፈር የሚሄደው የቀበሌው ነው። በዕውቀቱ የሰው አገር ሰው ነው፤ አብሬው ወጥቼ ላሳየው ይገባ ነበር። ነገር ግን ሰዓቱ እርስዎ ጠበል የሚያጠምቁበት ነበር፤ ፊት ለፊት እንዳንገናኝ ፈራሁ። ከታች ከመንገዱ ዳር ቆሜ፣ የላይኛው ላይ ቀጥል ብዬ ጮህሁለት። የላይ ሰፈሩን ማለቴ ነበር። እሱ ግን ከሁለቱ ከፍ ብሎ የተተከለውን ያዘ። መገጣጠሚያው እንዳያፈስ የሚጠቀለለው ቴፍሎን ቢያልቅበት በምትኩ ቃጫ ጠቀለለበትና ጎማውን አፈር አልብሶ ወረደ።

ይህ ከሆነ አምስት ሳምንት አለፈው። በዚያ ውሃ የአቶ ገሠሠን ልጅ የሠርግ ጠላ ጠነሰስን፣ ደፈደፍን። እንዴት ያለ ጠላ ወጣው መሰለዎት! ባለፈው ማክሰኞ የጠበሉ ገንዳ ሊታጠብ ሲዘጋ፣ በዚያው ሰዓት የእኛ ውሃ ቀጥ አለ። የሰፈራችን ተራ ነበርና የጎረቤቶቻችን ቧንቧ ሁሉ ይወርዳል። ያን ጊዜ በዕውቀቱ የቀጠለው ከጠበሉ መሆኑ ገባኝ።

ብርነሽ ዝም በይ አለችኝ። ሞልቶ ወደ ወንዝ የሚወርድ ትራፊ ነው፣ ማን ያውቅብናል አለች። አማከለች ግን ሦስት ጊዜ አማተበችና ተቀመጠች። ለካ በማለዳው ሁለት ቂጣ በልታ ስታበቃ ነው ጠላውን የቀመሰችው! ሳልጾም ጠበል ጠጣሁ ብላ ይኸው እስከ ዛሬ ሆዷን ይዛ ትዞራለች፤ ንስሐ አባቷ ዘንድ እንዳትሄድ ደግሞ እናንተን አስወቅሳለሁ ትላለች። አቶ ገሠሠን ራሴ ሄጄ ነገርኋቸው። ስቀው ሞቱ፤ ሙሽራው ቢጠጣውማ ጠባዩ በተስተካከለ አሉኝ። እኔ ግን ጠበል አልሸጥም ብዬ ከለከልሁ። ለሠርጉ በሰፈራችን ተራ በቀዳነው ውሃ ሌላ ጠንስሰናል፤ እንደምንም ይደርሳል።

ያኛውን ግን ምን ላድርገው? ልሸጠው አልችልም፤ ልደፋውም እጄ አልታዘዝ አለኝ። ሦስት ቀን ሙሉ በርሜሎቹን እያየሁ ስጨነቅ ሰነበትሁ። በአራተኛው ቀን ጎረቤቴ ከደጅ ቆማ፣ ለኅዳር ሚካኤል ጠበል ቅመሱልኝ ብላ ጠራችኝ። ብቻዬን ሳቅ አፈነኝ። ወይ ጉዴ! የዝክር ጠላ እኮ ስሙ ራሱ ጠበል ነው። እማዬ ካረፈች ወዲህ ሚካኤልዋን ያሰበላት የለም፤ እርስዎ ብቻዎን ኖረው፣ እኔም አኩርፌ፣ ዝክሯ እንደተቋረጠ ቀረ።

ስለዚህ አባቴ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ቤቴ መጥተው ጠበል ቅመሱልኝ። ጠላ ጠጡልኝ አላልሁም። ጠበል ቅመሱ ተብሎ እምቢ ያለ ሰው በመንዝ ምድር አልሰማሁም፤ እርስዎም የመጀመሪያው አይሆኑም ብዬ ተስፋ አድርጌአለሁ። ዳቦውን እኔው እጋግራለሁ። የሚባርክልኝ ሌላ ካህን አልጠራሁም፤ አልጠራምም። ካልመጡ ሳይባረክ ለደሀ ይሰጣል እንጂ ሌላ እጅ አይነካውም። ቅጣትም ካለብኝ ያን ዕለት ይንገሩኝ፤ ስግደትም ቢሆን እችላለሁ።

ይህን ሁሉ ከጻፍሁ በኋላ አንድ ነገር ቀረኝ። ትናንት ጎማውን ወደ ቀበሌው መስመር ላዞር የበዕውቀቱን መፍቻ ይዤ ወጣሁ። አፈሩን ስገልጠው፣ በቃጫው በኩል ያንጠባጥብ ኖሮ፣ አንድ ሰው ከላዩ በነጭ ሻሽ ቁራጭ ጥብቅ አድርጎ አስሮታል። የዛሬና የትናንት አይደለም፤ ጭቃው ውስጡ ዘልቋል። ጠርዙን አጥቤ አየሁት፤ ድርብ ቅምቅማት ነው። ጥምጣምዎን እንደዚያ ደርባ የምትቀመቅም አንዲት ሴት ብቻ ነው የማውቀው፤ እሷም ከሞተች አምስት ዓመቷ ነው። ጠበሉ ላይ የተቀጠለ ጎማ ያየ ሰው ይቆርጠዋል እንጂ እንዳያፈስ አያስረውም። እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ማን እንዳሰረው ማንንም አልጠየቅሁም።

እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያጽናልኝ፤ ጸሎትዎ ከእኔም ከልጄም አይለይ። ሚካኤል በሰላም ያገናኘን።

መስቀልዎን ሦስት ዓመት ከሩቅ የተሳለመችው

ልጅዎ