ከዝናብ በፊትና ከዝናብ በኋላ የሚያንኳኩት የበር ሐኪም

ሰፈሩ ሁሉ «የበር ሐኪሟ» እያለ የሚጠራቸው እናታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በጥቅምት ወር 1944 ዓ.ም. ተወለዱ። ከስድስት ልጆች አራተኛ ነበሩ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከቤታቸው ጀርባ ባለው ትምህርት ቤት ተምረው አሥረኛ ክፍልን አጠናቀቁ፤ ከዚያም በአንድ መሥሪያ ቤት ዘጠኝ ዓመት በታይፒስትነት አገለገሉ።

በ1966 ዓ.ም. የመሥሪያ ቤቱን የተወላገደ በር ሊያስተካክሉ ከመጡት እናጢ ጋር ትዳር መሠረቱ፤ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅም አፈሩ። በሩ ከተሠራ በኋላ ሦስት ጊዜ «መበላሸቱን» እናታችን እየሳቁ ያነሱ ነበር፤ አባታችን ግን ሆን ብለው እንዳበላሹት እስከ መጨረሻው አላመኑም።

አባታችን በ1981 ዓ.ም. በድንገት ሲያርፉ ዘጠኝ እናጢዎች የሚተዳደሩበት የበርና መስኮት ወርክሾፓቸው በእናታችን ትከሻ ላይ ወደቀ። በዚያው ሰሞን ከፋብሪካ አልቆ የሚመጣ የብረት በር ገበያውን ጠራረገው። መጋዙ ዝም አለ፣ እናጢዎቹም ካርታ መጫወት ጀመሩ። «ሽጪውና ልጆችሽን አሳድጊበት» የማይል ዘመድ አልነበረም። እናታችን ግን የባላቸው ቤት በእሳቸው እጅ እንደማይዘጋ ማሉ። አዲስ በር የሚያሠራ ቢጠፋ፣ ሲጢጥ የሚል አሮጌ በር የሌለው ማን አለ?

ዋናው እናጢ የባላቸው ታናሽ ወንድም ነበሩ፤ ለሁሉም ነገር መልሳቸው አንድ ስለሆነ «አይሆንም» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶላቸዋል። የቤት ለቤት ጥገናው ሐሳብ ሲነገራቸው «እትዬ፣ እኛ በር ሠሪ እንጂ በር አንኳኪ አይደለንም!» ብለው ተቆጡ። እናታችን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው፣ ወርክሾፑ ራሱ የሠራቸውን በሮች ብቻ በየቤቱ እየዞሩ ማጠፊያቸውንና ቁልፋቸውን በመጠገን ጀመሩ።

የመጀመሪያው ዓመት አሳፋሪ ነበር። በዝናብ ወራት እርጥበት ጠጥተው አልዘጋ ያሉ በሮችን እናጢዎቹ በመላጊያ ላጓቸው፤ ሕዝቡም መረቀ። በጋ ሲገባ እንጨቱ ደርቆ ተሰበሰበ። አንዲት ጡረተኛ መምህርት ወርክሾፑ ድረስ መጥተው «በሬን አክሙልኝ አልኩ እንጂ የድመት መግቢያ ክፈቱልኝ መች አልኩ?» አሉ። እናታችን ይቅርታ ጠይቀው አዲስ በር በነፃ ገጠሙላቸው። ከዚያ በኋላ ወርክሾፑ በዝናብ በር አልላገም። በዝናብ የሚፋተገው ቦታ በእርሳስ ምልክት ይደረግበታል፤ በበጋ ተመልሰው ይልጋሉ፣ ጠርዙንም ቀለም ይቀባሉ።

ያ ስህተት ነው ሁለተኛውን ደረጃ የወለደው። ለአንድ በር ሁለቴ መሄድ ግድ ከሆነ ለምን በየዓመቱ ከዝናብ በፊትና በኋላ አይሆንም ብለው ቋሚ ደንበኛ መያዝ ጀመሩ። ትምህርት ቤቶችና ክሊኒኮች «ወደ እኛም ኑ» እያሉ ቢለምኑም፣ የመኖሪያ ቤቶቹ ቅሬታ ሳይቆም እሺ አላሉም። አራት ዓመት አስጠበቋቸው! ሰው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን በአፉ ይተርታል፤ እናታችን ኖሩበት። በየቤቱ የገባ ጠጋኝም ከጥገና ያለፈ በር ሲያይ የሚጠቁመው ወደ ወርክሾፑ ነበርና መጋዙ እንደገና ጮኸ። ዘጠኙ እናጢዎች ሃያ ስድስት ሆኑ። አጎታችን «አይሆንም»ም የጥገናው ክፍል ኃላፊ ሆነው፣ ቦርሳ አንግተው በር ሲያንኳኩ አርጅተዋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአዲስ በር ትእዛዝ ከጥገናው ሲበልጥ፣ እኛ ልጆቻቸው ጥገናው ይቅር አልን። እናታችን «ያቆመንን እግር አንቆርጥም» ብለው ኩም አደረጉን።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ለሁለት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው ግንቦት 19 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰባ ሁለት ዓመታቸው አረፉ። ሦስት ልጆችን፣ ሰባት የልጅ ልጆችንና በሙያ ያሳደጓቸውን እናጢዎች ትተዋል። ለቀስተኞቻችን ሆይ፣ ለበራችሁ የቀጠራችሁት ጠጋኝ ይቀራል ብላችሁ አትስጉ። ሊያርፉ ሦስት ቀን ሲቀራቸው የደንበኞቹን ዝርዝር አስነብበው፣ «ከቀብሬ ማግስት ውጡ፤ ዝናቡ እኔን ብሎ አይቆምም» ብለው አዘዋል። እንወጣለን።

ፈጣሪ የደከሙበትን ቆጥሮ ነፍሳቸውን በደጉ ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለሁላችንም መጽናናትን ይስጠን።