ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የቀባኸው ጥቁር

ሙሌዬ፣

ከተለየኸኝ ሰሊጥ ሁለት ጊዜ ታጨደ። እንዴት ሰነበትክ ብዬ አልጀምርም፤ ይህን የምጽፍልህ ቆሽቴ አርሮ ነው።

ቤቱ ደህና ነው። የተከልከው የኒም ዛፍ ጣራውን አልፎ ለከሰዓቱ ሐሩር ጥላ ሆኖናል። ልጃችን ሰላም ሁለተኛ ክፍል ገብታለች፣ አንተ ፊዚክስ ታስተምርበት በነበረው ትምህርት ቤት። የሚያናድደኝ የዚያው ትምህርት ቤት ነገር ነው። ግድግዳው ላይ የሳልከውን ጋላክሲ አጠፉት።

ጥቁር ቀለም ከገንዳ ውሃ ከተማ እስኪመጣ አልጠብቅም ብለህ ከትራክተር ሹፌሩ የተቃጠለ ዘይት ለምነህ፣ ከሰል ፈጭተህበት ግድግዳውን በሙሉ አጠቆርከው። መሃሉ ላይ ኮከቦቹን በኖራ ነጠብጣብ አጨቅካቸው፤ ወደ ዳር እየሳሱ ሄዱ፤ ከዚያ ወዲያ ጥቁር ብቻ ነበር። ለፋሲካ የገዛሁልህን ሸሚዝ ዘይት በዘይት አድርገኸው ስትመጣ ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩህ። አንተ ግን ኩርፊያዬን ከቁም ነገር ሳትቆጥር ታስረዳኝ ነበር። በትልልቆቹ ጋላክሲዎች ኮከብ የሚበዛው መሃል ነው፤ ጥቁር ቁስ የሚሉት የማይታይ ነገር ግን ከኮከቦቹ አልፎ እጅግ ርቆ ይዘልቃል፤ ክብደቱም ከኮከቦቹ ሁሉ ይበልጣል። ዳር ያሉት ኮከቦች በዚያ ሁሉ ፍጥነት እየዞሩ ተበትነው የማይጠፉት፣ እሱ በስበቱ እንደ ታሰረ የሰሊጥ ነዶ አንድ ላይ ስለሚያቆያቸው ነው። ጥቁር መቀባትህ ራሱ ውሸት መሆኑን፣ ለማይታይ ነገር የሚሆን ቀለም ስላጣህ መሆኑንም ነግረኸኛል። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩት እኔ ይህን ሁሉ ሽሮ እያማሰልኩ ነው የተማርኩት።

አዲሱ ርዕሰ መምህር ለወላጆች ቀን ግቢው ይመር ብሎ ጥቁሩን በኖራ አስለቀለቀው። በላዩ ቢጫ ኮከብ አስደረደረ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ እኩል እኩል፣ እንደ ሽንኩርት መደብ። ሄጄ ነገርኩት። ጥቁሩ ሐዘን ይመስላል አለኝ፤ ደግሞስ እትዬ፣ ኮከብ ቢበዛ ማንን ይጎዳል ብሎ ሳቀ። መሃሉንና ዳሩን በጣቴ እያሳየሁ ደግሜ አስረዳሁት፤ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነና ተመለስኩ።

ቤት ስገባ ሰላም ያንኑ የሽንኩርት መደብ ደብተሯ ላይ ስትገለብጥ አገኘኋት። ያን ጊዜ አለቀስኩ። አንተ ስትሞት ገና ፊደል አልለየችም ነበር፤ አባቷ ያወቀውን ከዚያ ግድግዳ በቀር ከማን ልትማር ነው? አንተም ጥፋት አለብህ። ከሥሩ አንዲት መስመር ማብራሪያ ብትጽፍበት ምን ነበረበት?

የሚያዝያ ሐሩር ሲመጣ ግን ዘይቱ ኖራውን ሰርስሮ ወጣ። መጀመሪያ በዳር በዳሩ ወዛ፤ በሳምንቱ ቢጫዎቹን ኮከቦች አንድ በአንድ ዋጣቸው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ያንተው እያደር ጠቆረ። ወባ አንተን ከነጠቀችኝ ወዲህ እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም።

ሰኞ እንደገና በኖራ ሊያስለቀልቀው ነው አሉ። ያስለቅልቅ። እኔም ከሹፌሩ አንድ ጀሪካን የተቃጠለ ዘይት ተቀብያለሁ፤ ከሰሉን ሰላም ፈጭታለች። ኮከቡ የት መታጨቅ፣ የት መሳሳት እንዳለበት አልረሳሁም፤ በሕይወት እስካለሁም አልረሳም። በዚህ ጊዜ ከሥሩ ማብራሪያውን ሰላም ትጽፍበታለች።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለታችን እንሄዳለን። ያን ያኮረፍኩበትን ሸሚዝህን እለብሳለሁ።

ሚስትህ እናኑ