ሁለት ጊዜ የተገለበጠው ነጥብ

ማክሰኞ፣ መጋቢት 12 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ለውዷ ልጄ፣

ትናንት በስልክ «ቋሚ አደረጉኝ» ስትይኝ «ጎሽ» ብቻ ብዬ ስልኩን ለወንድምሽ ማቀበሌ አስቀይሞሽ ከሆነ ይቅር በይኝ። እንባዬ ቀድሞኝ ነው። ስልክ ላይ ማልቀስ ደግሞ አልወድም፤ ሰሚውን ያስጨንቀዋል እንጂ የሚያስረዳው ነገር የለም። ዛሬ ረጋ ስላልኩ መነጽሬን ወልውዬ፣ ጠረጴዛውን ጠርጌ ተቀምጫለሁ።

እንቅልፌ ተመልሷል። ባለፈው ሳምንት ምግብ አልወርድ ብሎኝ ስለነበር ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ደጅ ላይ አግኝታኝ፣ «እትዬ፣ ቀሚስዎን ላጥብብልዎት እንዴ?» ብላኛለች። ዛሬ ጠዋት ግን ሁለት ሰው የሚበላውን ብቻዬን በላሁ።

ወንድምሽ «ለመሆኑ ምን አጥፍታ ነው?» እያለ ሲነዘንዘኝ፣ አንቺ በነገርሽኝ መሠረት አስረዳሁት። ያልገባኝ ካለ አርሚኝ። እህትህ በየትምህርት ቤቱ ለልጆች መጠይቅ ታድላለች፤ በቡድን ማንበባቸው ትምህርት ቤቱን አስወድዷቸው እንደሆነ በቁጥር ልታውቅ ነው አልኩት። ከዐረፍተ ነገሮቹ ጥቂቶቹ «ጠዋት ስመጣ ደስ ይለኛል» ይላሉ፤ የሚበዙት ግን «ክፍል ስገባ ሆዴን ይጨንቀኛል» ዓይነት ናቸው። ልጁ ከአንድ እስከ አምስት ካሉት ቁጥሮች አንዱን ያከብባል። የጭንቀቶቹ ነጥብ ከሌላው ጋር ከመደመሩ በፊት ይገለበጣል፤ አምስቱ አንድ፣ አንዱም አምስት ይሆናል። አለዚያ የሚፈራው ልጅ ደስተኛ፣ ደስተኛውም ፈሪ ሆኖ ይቆጠራል። እህትህ ይህን ታውቃለችና ገለበጠች። ባልደረባዋም እንደሷው ጠንቃቃ ናትና ሳትነግራት ገለበጠች። ሁለት ጊዜ የተገለበጠ ነገር ደግሞ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ወንድምሽ ሳቀ። «ይኼማ ጋራዣችንም አለ» አለኝ። አንዱ መካኒክ ዘይት ሞልቶ ሳይናገር ምሳ ይሄዳል፣ ሌላው መጥቶ እላዩ ላይ ይሞላል፣ ከዚያማ ለሞተሩ ወዮለት ነው። የእናንተ የሁለታችሁ ሙያ ሲቀራረብ ያየሁት ገና አሁን ነው።

እኔ ግን አልሳቅሁም ነበር። ጥናቱ በመጽሔት ወጥቷል፤ የትምህርት ቢሮውም የቡድን ንባብ ልጆቹን አስጨንቋል ብሎ ሊያስቀረው ተሰናድቶ ነበር። የዩኒቨርሲቲው ኮሚቴ በቋሚነት ትቆይ ወይስ ትሂድ ብሎ ሊሰበሰብብሽ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ለተማሪዎችሽ ምሳሌ ልታሳዪ መረጃውን ከፍተሽ ስሕተቱን ያገኘሽው አንቺው ራስሽ ነሽ። ያን ዕለት የደወልሽበት ድምፅ ገና ከጆሮዬ አልወጣም።

«እማዬ፣ ስብሰባው እስኪያልፍ ዝም ብል ማንም አያውቅም።»

ጓደኞችሽ ሲያገቡና ሲወልዱ አንቺ ከቁጥርና ከመጠይቅ ጋር ከርመሽ የደረስሽበት ወንበር ነውና፣ ቸኩዬ ላቀልልብሽ አልፈለግሁም። ብቻ ልጆቹ በእውነት የመለሱት ምን እንደሆነ ጠየቅሁሽ።

«ደስ ይለናል ነው ያሉት። ከጠበቅሁትም በላይ።»

«እንግዲያው ያሉትን ተናገሪላቸው» አልኩሽ።

ስልኩን ዘግተሽ ለመጽሔቱና ለትምህርት ቢሮው ስሕተቱን ጻፍሽላቸው። እኔ ግን ልጄን በገዛ አፌ ከሥራዋ አስወጣኋት ይሆን እያልኩ ስቃትት ሰነበትኩ። ስለዚህ ትናንት ለወንድምሽ ያወራሽው የኮሚቴው ሰብሳቢ ነገር ለኔ መድኃኒት ሆኖኛል። ያ «ድንጋዩ» የምትሉት ፕሮፌሰር ጥናቱ ከመጽሔቱ መነሣቱን ጮክ ብሎ አንብቦ፣ ቀና ብሎ «ማን ደረሰበት?» ሲልሽ «እኔ» ማለትሽን፤ አንቺን ከስብሰባው ክፍል ካስወጡ በኋላም ለጓደኞቹ «እሷን ዛሬ ካባረርን፣ ነገ ስሕተቱን የሚነግረን ማን አለ?» ማለቱን እያሰብኩ ደስ ይለኛል። ሰውየውን ድንጋይ ማለታችሁን ተዉ።

የጥናቱ መነሣት ይቆጫል፤ አይቆጭም አልልሽም። ታርሞ እስኪወጣ ድረስ ስምሽን ከሱ ጋር የሚያነሣ ሰው አይጠፋም፤ ቻይው። ግን ቢሮው ሐሳቡን ቀይሯል፤ ልጆቹ ነገም ክብ ሠርተው ያነባሉ። ከእንግዲህ ደግሞ ነጥብ የገለበጠ ሰው መገልበጡን እዚያው ከመረጃው ራስጌ ላይ ይጻፍ። ለባልደረባሽም ሰላምታዬን አድርሺና፣ ጥንቃቄዋን ሳትተው አፏን እንድትከፍት ንገሪልኝ።

ሌላው ወሬ፣ ክፍልሽን ባለፈው ሳምንት አስቀባሁት። ግድግዳው እርጥበት ይዞ ስለነበር ነው። አልጋውንም ወደ መስኮቱ አዞርነው። የመምህራን ኮሌጁን ዲንም መንገድ ላይ ሳገኘው፣ የምርምር ዘዴ የሚያስተምር ሰው ይፈልጉ እንደሆነ እንዲያው ለጨዋታ ጠይቄው ነበር፤ በጣም እንፈልጋለን አለኝ። ይህን የሰማው ወንድምሽ ብሩሹን እንደያዘ፣ «እማዬ፣ የምትጸልዪው እንድትቀጠር ነው ወይስ እንድትባረር?» አለኝ። «ቀለሙን አታንጠባጥብ» አልኩት።

ትናንት ካንቺ ጋር እንደጨረስን ለዲኑ ደውዬ ሌላ ሰው እንዲፈልግ ነገርኩት። ወሬው እንዴት እንደደረሳት እንጃ፣ ልብስ ሰፊዋ ዛሬ መጥታ ክፍሉን ለእህቷ ልጅ እንዳከራያት ለመነችኝ። ቀለሙ ገና አልደረቀም አልኳት።

በያዝሽው ሥራ አምላክ ያጽናሽ። እጅሽ የጻፈውን ዓይንሽ መርምሮ የሚያይ፣ ያየውንም አፍሽ የማይደብቅ ያድርግልሽ። የምታስተምሪያቸውም እንዳንቺ ይውጡልሽ። ጤናሽን አይንሳሽ፤ እኔንም ያንቺን ደኅና ወሬ ከመስማት አያጉድለኝ።

ዕረፍት ሲሰጡሽ ቀኑን አስቀድመሽ ጻፊልኝ። ድንገት ከተፍ የሚል ሰው እንደማልወድ ታውቂያለሽ።

እናትሽ