ስለ ተነቀለው የመጸዳጃ ቤት በር

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ፣

ጤናዎን እንደ ቢሮዎ ምንጣፍ አቧራ ሳይነካው ያቆይልዎ እያልኩ፣ አራት ዓመት የደበቅሁትን ጥፋት በማመን እጀምራለሁ፦ ባለቤቴ እንድታስመረምር የታዘዘችውን ሽንት የሰጠሁት እኔ ነኝ።

የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ የደም ግፊትና የኩላሊት ሕመም ስለነበረባት ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን መኖር አለመኖሩ በየቀጠሮው እንዲታይ ታዝዞ ነበር። የዚያን ቀን እግሯ አብጦ ጫማዋን የያዝኩላት እኔ ነበርኩ። ምስጋናዬም በተራ እንደሚከተለው ነው።

፩. የሴቶቹን መጸዳጃ ቤት ለሠራተኞች ብቻ ስለቆለፉት አመሰግናለሁ። የጥበቃ ሠራተኛዎ «ሜዳው ሰፊ አይደል፣ ወንድሜ?» ሲለኝ ባለቤቴ በሐፍረት አንገቷን ደፋች። ላቦራቶሪው ሊዘጋ ነበርና የሽንት መስጫውን ብልቃጥ ተቀብዬያት ከግንቡ ኋላ ሞላሁት። በር ጠጋኝ ነኝ፤ ያን ቁልፍ በአንድ ሽቦ እከፍተው ነበር። ቁጣ ፈርቼ ተውኩት።

፪. ላቦራቶሪዎ «ፕሮቲን፦ የለም። እርግዝና፦ አለ» ብሎ ማኅተም ስላሳረፈበት አመሰግናለሁ። በአርባ ስድስት ዓመቴ፣ ከነጢሜ፣ ማርገዜን ያበሠረኝ የእርስዎ ተቋም ብቻ ነው። ሽንቱን ማንም እንዳላየው ወዲያው ገባኝ፤ መናገር ግን ራሴን ማጋለጥ ነበርና ዝም አልኩ። ሐኪሙም ወረቀቱን አይተው «ጎበዝ፣ ደህና ነሽ» ብለው ሸኟት። በአሥራ አንደኛው ቀን ሰውነቷን ሙሉ አንቀጥቅጧት ከነልጃችን ሞተች።

፫. «ክትትሏ የተሟላ ነበር» ስለሚለው የሐዘን መግለጫዎም እንዲሁ። እውነት ነው፣ ቅጹ ላይ ባዶ ቦታ አልነበረም። ከሁለታችን ማን እንደገደላት በየጸሎቴ ፈጣሪን እጠይቃለሁ፤ እስካሁን እኔንም እርስዎንም ነፃ አላወጣንም።

ባለፈው ማክሰኞ የባለቤቴ ታናሽ እህት፣ እሷም ነፍሰ ጡር፣ እሷም ግፊት ያለባት፣ ብልቃጥ ይዛ ከእኔ ጋር ያው የተቆለፈ በር ፊት ቆመች። «ጋሼ፣ እስቲ አንተ ሙላልኝ» ብላ ሳቀች። ሁሉንም ነገርኳት። ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ። ጥፊ ጠብቄ ነበር፤ እሷ ግን በሩን ብቻ አየች። መፍቻዬን አውጥቼ ከማጠፊያው ነቀልኩት፣ ኮቴን መግቢያው ላይ እንደ መጋረጃ ዘርግቼ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ፤ እሷም ገብታ የራሷን ሞላች። ሌላ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ወሰድነው፤ ፕሮቲን ተገኘበት። ዛሬ እዚያው ተኝታ እየታከመች ነው።

ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣
በማኅተምዎ ነፍሰ ጡር የሆንኩት በር ጠጋኝ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይኸው በአራተኛ ዓመቴም አልወለድኩምና ቀጠሮ ቢይዙልኝ። ውጤቴን እንዳይፈልጉት በሩን ቢሮዎ ደጃፍ አቁሜ ወረቀቱን በላዩ ቸንክሬዋለሁ።