ግንቡ ከወዲያ፣ ጎርፉ ከወዲህ

ኮምቦልቻ፣ መስከረም ፲፬ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ የቦርከና ጎርፍ ቅነሳ ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ ለጓድ ፈንታሁን፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ አላህ ጤናዎን እንዲጠብቅልዎ፣ ደጅዎንም እስከ ዛሬ እንደጠበቀው ከውሃ እንዲጠብቅልዎ እመኛለሁ። ስለ እኛ ቢያስቡ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ቤታችን ፈረሰ እንጂ እኛ ደኅና ነን።

ስሜ ዘይኑልአቢዲን ሙሄዲን ይባላል፤ በወንዙ ግራ ዳር የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍሁት፣ በእጅዎ ብሰጥዎ ብቻዎን የማንበብ ድካም እንዳይበዛብዎ አስቤ ነው።

መጀመሪያ ላመስግንዎ። ባለፈው ጥር ሰብስበውን ቦርከና በየክረምቱ የሚያጥለቀልቀው መሬት እንዴት እንደሚያንስ በትዕግሥት አስረዱን። ወንዙን እንጥረግ፣ ዳገቱ ላይ ዛፍ እንትከል፣ በሁለቱም ዳር ግንብ እንሥራ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። እርስዎ ግን ግንቡ የቀበሌው መጋዘንና የኮሚቴው አባላት አዳዲስ ቤቶች ባሉበት በቀኝ ዳር ብቻ እንዲሠራ ወሰኑ፤ በዚህም በጎርፍ የሚጠቃው መሬት በግማሽ እንደሚቀንስ አበሠሩን። የቀረው ግማሽ እኛ መሆናችንን ለመናገር ጊዜ አልበቃዎትም።

ያን ጊዜ ሽንኩርት አልምተው የሚተዳደሩት አሮጊቷ ጎረቤቴ እመት ሸሪፋ ተነሥተው፣ «ጓድ፣ የሚቀነሰው ውሃው ነው ወይስ እኛ?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው የአድሃሪ ነው ተብሎ በቀበሌው እስር ቤት አደሩ። ለዚህም ምስጋና ይገባዎታል፤ እመት ሸሪፋ የሲሚንቶ ወለል ባለው ቤት ሲያድሩ የመጀመሪያቸው ነበር።

ቅሬታዬ ብዙ አይደለም።

፩ኛ. ግንቡን ያሠሩት እኛን ነው። ከሥራ ዘመቻው የቀረ ሰው ከኅብረት ሱቅ ስኳር አይሸጥለትም ስለተባለ፣ የግራ ዳር ሰው ሁሉ ውሃውን ወደ ራሱ የሚመልስበትን ድንጋይ በጀርባው አጓጓዘ። የጎረቤቴ የበላቸው ሚስት የኔነሽ ሳትቀር፣ የስድስት ወር እርጉዝ ሆና ተሸከመች።

፪ኛ. ነሐሴ ላይ ከሰዓት በኋላ ቦርከና ሞልቶ መጣ፤ ከግንብዎ ጋር ተላትሞም ወደ እኛ ዞረ። በላቸው ደሴ ገበያ ወጥቶ ነበርና የኔነሽ ገና አራስ ሆና ከሕፃኑ ጋር ብቻዋን ነበረች። ውሃው በበር አላስገባን ስላለ፣ እመት ሸሪፋና እኔ የጓሮውን ግድግዳ በመጥረቢያ በስተን አወጣናቸው። ሕፃኑን እመት ሸሪፋ በሻሻቸው ጠቅልለው ደረታቸው ላይ ሲያስሩት ቤቱ ከኋላችን ተናደ። የልብስ ስፌት መኪናዬ ከነጠረጴዛው ሄደች፤ የሽንኩርቱ መደብ ጠጠር ለበሰ። ሕፃኑ እስከ ዛሬ ያስላል።

፫ኛ. እኛ ጭቃ ስንዝቅ፣ እርስዎ መጋዘኑ ጠብታ እንዳልነካው ገልጸው በኪነት ጓድ አስጨፈሩ። ቀጥለውም የእኛ ሰፈር ከእንግዲህ የወንዝ መሬት ስለሆነ ቤት እንዳይሠራበት፣ በገራዶ በኩል ቦታ እስኪፈለግልን እንድንታገሥ አዘዙ። ሰው ከሌለ የሚጠቃ ሰው የለምና፣ ቅነሳው በዚህ ተጠናቀቀ።

እኛ ግን መታገሥ አልቻልንም። ዓርብ ከሶላት፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በወንፈል እየወጣን፣ ለወንዙ ማለፊያ ሰፊ ቦታ ትተን ከቤቶቻችን ፊት ካብ ካብን። እርስዎም ያለ ፈቃድ የተሠራ ነው ብለው አምስት ሠራተኞች ዶማ አስይዘው እንዲያፈርሱት ላኩ። እመት ሸሪፋ ካቡ ላይ ተቀምጠው ጠበቋቸው። ጮክ ብለው እንኳ አልተናገሩም፤ «ልጆቼ፣ ማፍረሱን ከእኔ ጀምሩ» አሉ። ከሠራተኞቹ አንደኛው ዶማውን አስቀምጦ፣ ከካቡ ግርጌ የተንሸራተተ ድንጋይ አነሣና ወደ ቦታው መለሰው። ሌሎቹም ተከተሉት፤ እስኪመሽ አብረውን ሠሩ።

ስለዚህ ጓድ ሊቀመንበር፣ ካቡ አይፈርስም፤ ሰፈሩም አይለቀቅም። የኔነሽ የአዲሱን ቤቷን ምሰሶ አቁማለች። ለማክሰኞ የላኩልኝ መጥሪያ ደርሶኛል፤ እመጣለሁ። ሰፈሩ ሁሉ ሊሸኘኝ ስለተነሣ ግን ከቢሮዎ ይልቅ አዳራሹ ቢከፈት መልካም ነው።

ለሰጡን ትምህርት ከልብ እያመሰገንሁ፣ ከእግርዎ ሥር ሳይሆን ከካባችን ላይ ሆኜ በትሕትና እጅ የምነሣ፣

ዘይኑልአቢዲን ሙሄዲን

ማስታወሻ፦ ለማፍረሻ የላኩልን ዶማዎች እጅግ ጠቅመውናል። የአንዱ እጀታ ተሰብሯልና፣ በሚቀጥለው ጊዜ አፍራሽ ሲልኩ ትርፍ እጀታ እንዲያስይዟቸው በአክብሮት እንጠይቃለን።